ካቨርን ወይስ ኬቭ?

ውሃ ውስጥ ያለ ዋሻ ካቨርን (cavern) የሚባለው መቼ ነው፣ ኬቭ (cave) የሚባለውስ? ጥያቄው ስለተደጋገመ ልመልሰው። የምንምታታው በአማርኛ ሁለቱንም «ዋሻ» ስለምንላቸው ነው። ለጠላቂ ግን ቁም ነገሩ ስፋቱ ሳይሆን ብርሃኑ ነው። ውስጥ ሆናችሁ ከመግቢያው የሚመጣው የቀን ብርሃን ከታያችሁ ካቨርን ነው። ካልታያችሁ ኬቭ ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ሥልጠና ይጠይቃል።

ሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ ያለውን ሻርክስ ኮቭ የተባለ የመጥለቂያ ቦታ እንውሰድ። ከዳርቻው በእግር ነው የሚገባው፤ ያውም በእነሱ በጋ፣ በእኛ ክረምት መሆኑ ነው። በሌላው ወቅት ማዕበሉ አይቀመስም። ከድንጋዩ ጣሪያ ሥር ዓይናቸው የፈጠጠ ቀያይ ዓሦች ተኮልኩለዋል። ዞር ስትሉ ሰማያዊው ብርሃን ይታያል፤ ካቨርን። እዚያው ማታ ብትመለሱስ? ኬቭ ሆነ! እግራችሁ ላይ ባጠለቃችሁት መቅዘፊያ (ፊን) አሸዋውን አስነስታችሁ ውሃው ደፍርሶ ብርሃኑ ከጠፋም ያው ነው።

እንደ አሠልጣኙ ድርጅት የሚለያየው ካቨርን ውስጥ እስከ የት ድረስ መግባት እንደሚፈቀድ ነው። ፓዲ (PADI) የተባለው ከውሃው ገጽ ጀምሮ፣ ወደ ታችም ወደ ውስጥም የተሄደው ተደምሮ፣ 40 ሜትር ይላል፤ እስከ 60 የሚፈቅዱም አሉ።