ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፦ ምሳሌውና የዛፍ አናት ሸማኔዎች

ይህን ምሳሌ ሳይሰማ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ያስቸግራል። ገንዘብ ሲዋጣ ይነገራል፣ ከባድ ሥራ በጋራ ሲነሣ ይነገራል፣ አቅም ያነሰው ሰው ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ይነገራል። «ደካሞች ከተባበሩ ኃያሉን ያሸንፋሉ ማለት ነው» ብለን እንፈታውና እናልፋለን። ፍቺው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ከአራቱ ቃላት ዋናውን ዘሎ የሚያልፍ ይመስለኛል።

እንደ አብዛኞቹ ምሳሌዎች ይህም በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ለጆሮና ለትዝታ እንዲመች ተደርጎ መሠራቱ ከድምፁ ይታወቃል፦ «ያስራል» በማለት ፈንታ «ያስር» ብሎ ከ«ቢያብር» ጋር ቤት ይመታል። «ድር» ሸረሪት የምታደራው ነው፤ ሸማኔ በቁመት ዘርግቶ ማግ የሚያስገባበት ፈትልም ድር ይባላል። «አበረ» ደግሞ ከግእዙ «ኀበረ» የመጣ ሲሆን «ኅብረት»ም «ማኅበር»ም የእርሱ ወገኖች ናቸው።

እንግዲህ የምሳሌው ጉልበት ያለው «ቢያብር» ላይ ነው። «ድር ቢበዛ» አላለም። የተከመረ ፈትል ጥጃ እንኳ አያስርም፤ የሚያስረው አንዱ ከሌላው ጋር ሲገመድ ነው። ሰዎች ይህን ምሳሌ ለብዛት ማወደሻ ሲያደርጉት በሰማሁ ቁጥር ቅር ይለኛል። ሸረሪቷም ብትሆን ለዚህ ጥሩ ምስክር አትሆንም፤ አብዛኞቹ ሸረሪቶች ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸውና። ድር እንዴት እንደሚያብር በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ቀና ብሎ የሞቃታማ ደን ዛፎችን አናት ቢመለከት ይሻለዋል። እዚያ ሸማኔ ጉንዳኖች አሉ።

ዛሬ በሕይወት ያሉት የሸማኔ ጉንዳን ዝርያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ፣ ሌላው ከደቡብ እስያ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ይኖራል። ቤታቸውን የሚሠሩት በዛፉ ላይ ባሉ ሕያው ቅጠሎች ነው። አንዲት ጉንዳን የቅጠል ጠርዝ ይዛ ትጎትታለች። ቅጠሉ ትንሽ ከታጠፈላት አጠገቧ ያሉት ወደ እርሷ ተሰብስበው አብረው ይጎትታሉ። በሁለት ቅጠሎች መካከል ያለው ክፍተት ከአንዲቷ ቁመት ሲበልጥ ደግሞ ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን ወገብ በመንጋጋዋ ትይዛለች፣ ሦስተኛዋ የሁለተኛዋን ትይዛለች፣ እንዲህ እያለ በአየር ላይ የጉንዳን ሰንሰለት ይዘረጋል። ብዙ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ሆነው ሲስቡ ቅጠሎቹ ይገናኛሉ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ጉልበት ብቻ ነው። ቢለቁት ቅጠሉ ተመልሶ ይዘረጋል። ስለዚህ ሌሎች ሠራተኞች ከቤት ውስጥ ሕፃናቱን፣ ማለትም ለማደግ የተቃረቡትን እጮች፣ በመንጋጋቸው ይዘው ይመጣሉ። ሐር የሚያፈልቁት እጮቹ እንጂ አዋቂዎቹ አይደሉም። ሠራተኛዋ የእጩን አፍ አንዱን ቅጠል ታስነካለች፣ ከዚያ ወደ ሌላው ትወስደዋለች፣ ደግሞም ትመልሰዋለች። ይህን ያየ ሰው የሸማኔን መወርወሪያ ሳያስታውስ አይቀርም። ከብዙ ምልልስ በኋላ ነጭ የሐር ጨርቅ ቅጠሎቹን ሰፍቶ ይይዛል፤ ሰንሰለቱም ይፈታል። አንድ ትልቅ መንጋ በዚህ ዓይነት የሠራቸው ቤቶች ከ100 ሊበልጡና በብዙ ዛፎች ላይ ሊበተኑ ይችላሉ። በሁሉም ውስጥ የሚኖሩት አብዛኛውን ጊዜ የአንዲት ንግሥት ልጆች ናቸው፤ ቁጥራቸውም በመቶ ሺህ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ።

አንበሳውስ? እርሱን ያገኘሁት በደቡብ አሜሪካ፣ በፈረንሳይ ጊያና ደን ነው። እዚያ ሴክሮፒያ በሚባል ዛፍ ላይ አዝቴካ አንድሬ የተባለች ጉንዳን ትኖራለች። ሠራተኞቹ በቅጠሉ ጠርዝ ሥር መንጋጋቸውን ከፍተው በተርታ ያደፍጣሉ። የቅጠሉ ሆድ ለስላሳ ጸጉር አለው፤ የጉንዳኖቹ ጥፍር ደግሞ መንጠቆ ይመስላል፤ ሁለቱ ሲያያዙ በቀላሉ አይላቀቁም። አንበጣ ከላይ ሲያርፍ ከጠርዝ ጠርዝ እግሩን ይነክሱና ወጥረው ይይዙታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት የመዘገበው ትልቁ ምርኮ 18 ግራም ተኩል ያህል የሚመዝን አንበጣ ሲሆን፣ ይህም የአንዲት ጉንዳንን ክብደት 13,350 ጊዜ ያህላል። አንበሳ እንኳ ከሰው ጋር ሲመዘን እንዲህ አይርቅም። እዚህም የያዘው ብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ዛፉ ጸጉሩን፣ ጉንዳኖቹ ጥፍራቸውን፣ እያንዳንዷም ቦታዋን ስላዋጡ ነው።

በሞቃታማ ደን አናት ላይ ጉንዳን እጅግ ይበዛል። የጉንዳን ተመራማሪው ኤድዋርድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት በፔሩ ከአንድ ዛፍ ብቻ 43 የጉንዳን ዝርያዎች ተገኝተዋል፤ ይህ በመላው ብሪታንያ ካለው የጉንዳን ዝርያ ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ነው። ይህ ብዛት ተመራማሪዎችን ለዓመታት ግራ ሲያጋባ ቆይቷል፤ ጉንዳኖች አዳኞች ከሆኑ አዳኙ ከሚታደነው በልጦ መገኘቱ፣ አንበሳው ከሚዳቋው እንደ መብዛት ነውና። ዳያን ዴቪድሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳዩት፣ ብዙዎቹ የዛፍ አናት ጉንዳኖች በአብዛኛው የሚኖሩት ከዕፅዋት በሚገኝ ጣፋጭ ፈሳሽ ነው፤ አንዳንዱን በቀጥታ፣ ሌላውን የዛፍ ጭማቂ ከሚመጥጡ እንደ ክሽክሽ ካሉ ነፍሳት ይቀበላሉ። ነፍሳቱን እንደ ከብት ይጠብቋቸዋል።

ምሳሌው የማይነግረን አንድ ነገርም አለ፤ ያበረ ድር ድንበር ያበጃል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነፍሳት ተመራማሪው ዴኒስ ሌስተን በጋና የካካዎ እርሻዎች ያጠናው ይህንን ነው። ኃይለኛ የሆኑ የጉንዳን ዝርያዎች ዛፎቹን ተከፋፍለው ይይዛሉ፤ የአንዱ ግዛት ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ከላይ ቢታይ የተለያየ ቀለም ያለው ንጣፍ ይመስላል። ሸማኔ ጉንዳኖች ከራሳቸው ዝርያ የሆነውን የጎረቤት መንጋ እንኳ ድንበር አያሻግሩም። በእስያው ዝርያ በግዛቱ ዳር ባሉት ቤቶች ሆነው ድንበር የሚጠብቁት አሮጊቶቹ ሠራተኞች ናቸው፤ ወጣቶቹ በመሐል ሆነው እጮቹን ይንከባከባሉ። አሳዛኝም የሚያስከብርም ሥርዓት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ወደ ፈትሉ ባለቤት ልመለስ። የብዙ ጉንዳን ዓይነቶች እጭ ሐሩን ለራሱ ያውለዋል፤ ገላውን በሐር ጠቅልሎ፣ በዚያ ልባስ ውስጥ ወደ አዋቂነት ይለወጣል። የሸማኔ ጉንዳን እጭ ግን ሐሩን ለቤቱ ሰጥቶ ስለጨረሰ ለራሱ ልባስ የሚሆን አይተርፈውም። ስለዚህ ራቁቱን ይለወጣል፤ ከዝናብና ከጠላት የሚጋርደውም ያው በእርሱና በወንድም እህቶቹ ፈትል የተሰፋው የቅጠል ቤት ነው።