ከዳታቤዝ ጽሑፍን በጥሬ ባይት ማውጣት

«ሰላም» ብለው ያስገቡት ቃል ከዳታቤዝ ሲወጣ የላቲን ፊደልና የዲግሪ ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰው ቶሎ ብሎ «ዳታው ተበላሸ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የተቀመጠው ደህና ነው፤ የተሳሳተው ኢንኮዲንጉን (ፊደል ወደ ቁጥር የሚቀየርበትን ደንብ) ገምቶ ያነበበው ፕሮግራም ነው። ይህን ለማጣራት ጽሑፉ ወደ ፊደል ሳይቀየር፣ ባይቱ (ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር) እንዳለ ይወጣል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሰጠው መስፈርት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዩኒኮድን ወደ ባይት በሚቀይረው ኢንኮዲንግ፣ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ የተለመዱት ፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ። የመጀመሪያው ሁልጊዜ 225 ነው፤ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ነው። «ሰ» ለምሳሌ 225፣ 136፣ 176 ነው።

ምርመራውን ቀላል የሚያደርገውም ይኸው ነው። ባይቶቹ በ225 ከጀመሩ ጽሑፉ አለ፤ አነባበቡን ማስተካከል ይበቃል። በ195 እና 161 ከጀመሩ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ወደ ዩቲኤፍ-8 ተቀይሯል፤ የ«ሰ» 3 ባይት 6 ሆኗል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ተደጋግሞ 63 ብቻ ከወጣ የጥያቄ ምልክት ነው። ፊደሉ በሱ ተተክቷልና አለቀለት፤ ከባክአፕ ካልሆነ አይገኝም።

ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ላይ «ሄክስ» የሚባለው ፈንክሽን የተቀመጠውን ባይት በ16 ቤት ቁጥር ያሳያል (225 እዚያ E1 ነው)። በፓይተን ቋንቋ ኤስኪውላይት የተባለውን ዳታቤዝ ለሚጠቀም ደግሞ «ቴክስት ፋክተሪ» የሚለውን ቅንብር ወደ «ባይትስ» መቀየር ብቻ ነው። ካልተቀየረ ዩቲኤፍ-8 ያልሆነ ጽሑፍ ሲያጋጥመው ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ቢያናድድም ከዝምታ ይሻላል።

ማይኤስኪውኤል ከ8.0 በፊት፣ ሌላ ካልተነገረው፣ ላቲን1 የተባለውን የምዕራብ አውሮፓ ፊደሎች ኢንኮዲንግ ነበር የሚጠቀመው። ስለዚህ ላቲን1 በተባለ ዓምድ ውስጥ የዩቲኤፍ-8 ባይት ተቀምጦ ማግኘት አይገርምም። እንዲህ ያለውን ዓምድ በቀጥታ ወደ ዩቲኤፍ-8 መቀየር ነው ጣጣው፤ ሲስተሙ ባይቶቹን የላቲን ፊደል መስለውት እንደገና ይቀይራቸዋል። መጀመሪያ ወደ ባይነሪ (ፊደል ሳይሆን ጥሬ ባይት ወደሚይዝ የዓምድ ዓይነት)፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ-8 ሲባል ግን ባይቱ አይነካም።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ባይቱ ራሱ የላቲን ምልክት ነው፤ ግዕዝ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ታውቆ የራሱ የመቀየሪያ ሰንጠረዥ ካልተገኘለት በቀር ኢንኮዲንግ መቀያየሩ ምንም አይፈይድም።