ልጅን ችላ ማለት ምንድን ነው? ከጠመንጃስ ምን አገናኘው?

ባሕር ዳር ላይ «ይሄ ልጅ ቤቱ ውስጥ ተበድሏል» ከተባለ ሐሳባችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዱላ ነው። አባቱ ይገርፈው ነበር፣ እንጀራ እናቱ በርበሬ ታጥነው ነበር፣ እንዲህ ያለ ነገር። ችላ ማለት ግን ከዚህ ይለያል። መደረግ ሲገባው ሳይደረግ የቀረ ነገር ነው። ልጁ ሳይመጣ መሸ፣ የት ነህ ያለው የለም። ትምህርት ካቆመ ወር አለፈው፣ ቤት ውስጥ ያወቀ የለም። ጆሮው መግል ይዞ ሰነበተ፣ ሐኪም ቤት የወሰደው የለም። ጠባሳ ስለማይተው ጎረቤትም ልብ አይለውም።

ድህነት ነው ብላችሁ እንዳትዘጉት። ጣና ዳር ቆሎ እየሸጠች ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ የቤት ሥራውን የምታሠራ እናት ድሃ ናት፣ ልጇ ግን ችላ አልተባለም። ሽምብጥ አካባቢ ደግሞ ጥሩ ቤት ውስጥ የሚያድግ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ እናቱ ከዓረብ አገር ብር ትልካለች፣ ስልክ አለው፣ ምሳ እራት አይጎድልበትም፣ አባቱ ግን ከሰዓት ጀምሮ ጫት ላይ ነው፣ ማታ ደግሞ መጠጥ ቤት፣ እና ልጁ ሳምንት ሙሉ አንድም ትልቅ ሰው ቁም ነገር ሳያወራው ያልፋል። (እናቲቱን ለመውቀስ አይደለም። እሷ ሄዳ ነው ያ ቤት የቆመው። ጥያቄው ልጁ ለማን ተትቶ ነው የሚለው ነው።)

ብዙ ጊዜ ችላ መባል ብቻውን አይመጣም፣ ከተበጠበጠ ቤት ጋር ነው የሚመጣው። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 ከ17,000 በላይ ጎልማሶች ስለ ልጅነታቸው ተጠይቀው ነበር። በዚያ ጥናት ላይ ተመሥርቶ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ዝርዝር አሥር ነገር ይዟል፦ ድብደባ፣ ስድብና ማዋረድ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ በአካልም በስሜትም ችላ መባል፣ እናት ስትመታ ማየት፣ ቤት ውስጥ ሱሰኛ መኖር፣ የአእምሮ ሕመምተኛ መኖር፣ የወላጅ መለያየት፣ የቤተሰብ አባል መታሰር። አንዱ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሌላውም ይኖርበታል፤ ሲደራረብ ደግሞ በኋላ ዕድሜ የሚመጣው ጣጣ፣ ከመጠጥ ሱስ እስከ ራስን ለማጥፋት መሞከር፣ አብሮ ይጨምራል።

እሺ፣ ጥይቱ ከየት መጣ? ካቲ ዊደም የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡት ጥናት አለ። ገና ልጆች ሳሉ መበደላቸው ወይም ችላ መባላቸው በፍርድ ቤት የተመዘገበ 908 ሰዎችን ይዘው በዕድሜም በኑሮም ከሚመስሏቸው ሌሎች ጋር አነጻጸሩ። ተደብድበው ካደጉት 16 በመቶ ያህሉ በኋላ ሰው ላይ ጥቃት በማድረስ ተይዘዋል። ምንም ሳይመቱ ችላ ብቻ ከተባሉት 12.5 በመቶ። ከማነጻጸሪያዎቹ 8 በመቶ ገደማ። ማንም እጁን ያላነሳበት ልጅ ከተደበደበው ብዙም አልራቀም ማለት ነው። በዚያው ልክ ችላ ከተባሉት ብዙዎቹ፣ ከ100 ወደ 87ቱ፣ በዚህ ዓይነት ወንጀል አልተያዙም፤ ስለዚህ «እንዲህ ያደገ ልጅ ወንበዴ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቁጥሩን ንገሩት። እኛ ደግሞ ልጁን «አሳዳጊ የበደለው» ብለን እንሰድባለን፣ አሳዳጊውን ግን የሚጠይቀው የለም።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሕፃን ሲያለቅስ ሰው ይመጣል፣ ሲስቅ ይስቁለታል፣ አእምሮው የሚሠራው በዚህ ምልልስ ነው። የሚመልስለት ካጣ ዓለም አስተማማኝ እንዳልሆነች ይማርና ሁልጊዜ ነቅቶ ይጠብቃል። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ባጃጅ ውስጥ ትንሽ ትክ ብሎ ያየው ሰው የናቀው ይመስለዋል። «ምን ታፈጣለህ?» ተባብሎ ጠብ ይነሳል። ቤት ያላገኘውን ስም፣ ከለላና «ወንድሜ» መባልን ደግሞ የሰፈር ግሩፕ በነፃ ይሰጠዋል። በነፃ የሚመስለው መጀመሪያ ላይ ነው እንጂ በኋላ ያስከፍላል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ጠብ በከንፈር ማበጥ ሊያልቅ ይችላል። ወደ ቀብር የሚቀይረው የመሣሪያው በእጅ መገኘት ነው። ጠመንጃ ደግሞ እኛ ጋ ባዕድ ዕቃ አይደለም። በብዙ የገጠር ቤት ክላሽ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ሰርግ ላይ ይተኮሳል፣ ልጁ የታጠቀ ሰው ሲገባ ወንበር ሲለቀቅለት እያየ ያድጋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ባለው ጦርነት ደግሞ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ መሣሪያውም የበለጠ ቀርቧል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚቀረው ሒሳብና እንግሊዝኛ ብቻ አይደለም፣ ቤቱ ላልጠየቀው ልጅ ስም ጠርቶ «ትናንት የት ቀረህ?» የሚለው ብቸኛ ሰው ያ መምህር ሊሆን ይችላል።

ከአሜሪካ አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ ላንሳ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 2021 ሚሺጋን ውስጥ አንድ የ15 ዓመት ተማሪ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አራት ተማሪዎችን ገደለ። ሽጉጡን የገዛው አባቱ ነበር፣ ከቀናት በፊት። በዚያው ጠዋት ልጁ ወረቀት ላይ የሳለው ነገር መምህራኑን አስደንግጦ አባትና እናቱ ተጠርተው መጥተው ነበር፤ ወደ ቤት ሳይወስዱት ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሁለቱም ባለማሰብ ሰው በመግደል ተፈርዶባቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት እስራት ተቀጡ። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ የወላጆቹን ወይም የአሳዳጊዎቹን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ችላ ማለት ግን አሁንም «የቤት ጉዳይ» ተብሎ ነው የሚታለፈው።

ይድናል ወይ ለሚለው፣ ሃዋይ ውስጥ ካዋይ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆች እስከ ጉልምስና ድረስ ተከታትለው ተጠንተዋል። በድህነትና በተበጠበጠ ቤት ካደጉት ሲሶ ያህሉ ብቁና ደህና ሰው ሆነው ወጡ። ብዙዎቹ ከወላጅ ውጭም ቢሆን የሚይዛቸው ሰው ነበራቸው፦ አያት፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት። እኛ ጋ አክስት ልትሆን ትችላለች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፣ ወይ ልጁን ሥራ የሚያስለምደው የጋራዥ ባለቤት። አንድ ቀን መጥቶ መክሮ የሚሄድ ሰው ግን አይጠቅምም፤ በየጊዜው መገኘት አለበት። ክላሽ ያለበት ቤት ደግሞ ጥይቱ ለብቻው፣ መሣሪያው ለብቻው ይቆለፍ፣ ቁልፉም ልጁ በማያውቀው ቦታ ይቀመጥ።