«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ለፈሪ የተባለ አይደለም

በቅርቡ ደብረ ብርሃን ጎረቤት ቡና ጠርተውን፣ ገና አቦሉ ሳይጠጣ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ብድግ አለች። የልጁ ፊት ሽፍ ብሎበታል። «ጤና ጣቢያ ላሳየው» አለች። ከዓመታት በፊት የመጀመሪያ ልጇ ኩፍኝ ይዞት፣ ኩፍኙም ወደ ሳንባው ወርዶ ለጥቂት እንደተረፈ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከበሩ ሳትደርስ አንዱ ጎልማሳ ሳቅ አለና «አንቺ ደግሞ! እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብሽ እኮ። ሙቀት ነው፣ ቁጭ በይ» አላት። ቤቱ ሳቀ። እሷ ግን ቁጭ አላለችም፤ ልጇን ይዛ ሄደች። ደግ አደረገች።

ተረቱ ያለ ቦታው መጠራቱ አንገብግቦኛል። ሰውየው «አጉል ፈሪ ነሽ» ሊላት ፈልጎ ነው እሱን የመረጠው። እኛ ባደግንበት አገር ግን አባባሉ ሰው ማሳፈሪያ ሆኖ አያውቅም።

ፍቺውን ሁሉም ስለሚያውቀው እሱን እተወዋለሁ። ልጡን ያየ ሰው ግን እየቀነሰ ነው።

የአያቴ ቤት ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ፣ ቀወት ውስጥ ነበር። እዚያ ቤት የሚሠራው በእንጨት ነው፤ እንጨቱ የሚታሰረው ደግሞ በልጥ። ጎጆ ሊቀለስ ሲል አያቴ አስቀድመው ግራር ፍለጋ ይወጣሉ። ያገኙትን ሁሉ አይልጡም። ገና ያልጎለመሰ፣ ቀጥ ያለ፣ ቋጠሮ ያልበዛበት ይመርጣሉ። ወቅቱም አለው። ክረምት መውጫ ላይ እንጨቱ ውሃ ስለጠጣ ቅርፊቱ ይለቃል፤ በበጋ ከግንዱ ተጣብቆ እምቢ ይላል። ከግርጌው በፋስ ጫፉን ያስለቅቁና፣ ያቺን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ ኋላ እየሄዱ ይስቡታል። ጭርርር እያለ እስከ ቅርንጫፉ ይላጣል። ሻካራውን የውጭ ቅርፊት በቢላዋ ያነሱለትና ውስጠኛው ለስላሳ ክፍል ብቻውን ይቀራል። መጀመሪያ ነጣ ያለ ነው፤ ንፋስ ሲያገኘው ቀላ፣ ጠቆር እያለ ይሄዳል። ካልረጠበ አይታሰርበትም። ስለዚህ ጥቅልሉን ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ጭነው ያሳድሩታል። ጠዋት ከነውሃው ይወጣና ማገሩ ከቋሚው ጋር ጥርቅም ተደርጎ ይታሰርበታል። ሲደርቅ ራሱ ይኮማተራል፤ ቋጠሮው ከሚስማር ይብሳል። አያቴ ቋጠሮውን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ሳይሞክሩ ወደ ሁለተኛው አይሄዱም ነበር።

የተረፈው ቁራጭ መንገድ ላይ ይወድቃል። ፀሐይ ሲያገኘው ይጠማዘዛል፤ ጫፉ ቀና ይላል። ማታ ማታ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ የቆላ ልጅ እንኳ አንዴ ቆም ብሎ ነው የሚያልፈው።

አያቴ በቅሎ ነበረቻቸው። አንድ ቀን መሻገሪያው ላይ እፉኝት ከእግሯ ሥር ተነሣባት። አልነደፋትም። ከዚያ ወዲህ ግን የተጋደመ ልጥ ባየች ቁጥር ጆሮዋን አቁማ፣ በአፍንጫዋ ነፍታ፣ ወደ ጎን ትወረወራለች። አንድ ቀን እኔ እየነዳኋት ገደል አፋፍ ላይ እንዲሁ ሆነች። ተናድጄ አለንጋውን ሳነሣ አያቴ እጄን ያዙኝ። «ተዋት ልጄ፣ አትምታት። አይታለች» አሉኝ። ልጡን ከመንገድ አንሥተው ወደ ቁጥቋጦው ወረወሩት። በቅሎዋም አለፈች። እኔ ተረቱን የማውቀው እንዲህ ሆኖ ነው። ያየ ሰው ሲበረይ አይመታም።

አባባሉ የት ተወለደ ለሚለኝ ግምቴ አንድ ነው፦ ደጋና ቆላ በሚዋሰኑበት በእኛው ቁልቁለት። እስቲ አስቡት። መንዝ ብርድ ነው፤ እባብ እንደ ልብ አይገኝም። ቤቱ የድንጋይ ነው። ክዳኑ የጓሳ ሣር፣ ማሰሪያው ገመድም ከጓሳ ሣር የተገመደ። ያንን ሣር መንዞች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ደንብ ሲጠብቁት እንደኖሩ ይነገራል። ስለዚህ የመንዝ ሰው ለልጥም ለእባብም እንግዳ ነው። የቆላው ሰው ደግሞ ከሁለቱም ጋር አድጓል፤ ቶሎ ይለያቸዋል። ታዲያ በልጥ የሚበረየው ማን ነው? ከላይ ለማሽላ ቆረጣ ወይም ለገበያ የወረደው ደገኛ ነዋ! ትናንት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እፉኝት አይቶ፣ ዛሬ ማታ የእንግዳ ቤት ደጃፍ ላይ የተጣለ ልጥ ሲረግጥ ይታየኛል። ቤተሰቡ ይስቃል፤ ሽማግሌው «ተዉት፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። ከአንኮበር ሥር አልዩ አምባን የመሰለ ደገኛና ቆለኛ የሚገናኝበት ገበያ ባለበት አገር፣ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰሞን ከአፍ ወደ አፍ ይዛመታል። ወሎዬውም ጎጃሜውም የእኔ ነው ቢል መብቱ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ ቁልቁለት አላወጣውም።

ያ ደገኛ ቆላ ሲወርድ ከእባብ የባሰም ይጠብቀው ነበር። ንዳድ የሚሉት ወባ ነው። ከመስከረም በኋላ ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ መንዜ፣ ከቆላው ተወላጅ ጋር በአንድ መደብ አድሮ፣ በአንድ ዓይነት ትንኝ ተነክሶ፣ እሱ ይወድቃል፤ አስተናጋጁ ተንቀጥቅጦ ይነሣል። የቆላው ሰው ደም ከልጅነቱ ጀምሮ ወባን ደጋግሞ አይቷታል። የደገኛው ደም አላያትም። ተረቱን ከሰውነታችን ጋር ያገናኘሁት እዚህ ላይ ነው።

ሰውነታችን በሽታን የሚለይባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው አብሮን ይወለዳል። ቆዳ ሥርና ደም ውስጥ ያሉ አንዳንድ ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያዎች በጅምላ የሚጋሩትን፣ የእኛ ሴሎች ግን የሌላቸውን ምልክት ያውቃሉ። የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቁም፤ ባዕድ መሆኑ ይበቃቸዋል። ኤሊ ሜችኒኮፍ የሚባለው ሩሲያዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1882 ሜሲና ከተማ ውስጥ የባሕር ኮከብ እጭን በእሾህ ወግቶ፣ ሴሎች እሾሁን ሲከቡት በማይክሮስኮፕ አየ። በ1908 ኖቤል ሲሸለም መነሻው ያ እሾህ ነበር። እሾህ የወጋን ቦታ በሰዓታት ውስጥ የሚቀላውና የሚሞቀው በእነዚሁ ሴሎች ጥሪ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የሚማረው ነው። ቢ እና ቲ የሚባሉ ሴሎች አሉን። እያንዳንዳቸው የሚለዩት አንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ ነው። ግን ብዛታቸው ለጉድ ነው፤ ሴሎቹ ሲፈጠሩ ጂናቸውን ቆራርጠው በየራሳቸው መንገድ ስለሚገጣጥሙት፣ ገና በዓለም ያልታየ ተህዋስ እንኳ ቢመጣ የሚገጥመው ሴል አይጠፋም። ጃፓናዊው ሳይንቲስት ሱሱሙ ቶኔጋዋ እ.ኤ.አ. በ1987 ኖቤል የተሸለመው ይህን ቁረጣና ቅጠላ ስላስረዳ ነው። ችግሩ የሚገጥመውን ማግኘት ነው። ለዚህም ከቁስሉ የተህዋሱን ቁራጭ ይዘው ወደ ቅርብ እጢ የሚሄዱ ሴሎች አሉ። ቢ እና ቲ ሴሎች እጢው ውስጥ በሺዎች ያልፋሉ፣ ቁራጩን ያያሉ። የገጠመው ይባዛል። እጢው ያብጣል።

ይህን እብጠት እናቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁታል። ልጥ ስንለቅም የግራር እሾህ እግራችንን ይወጋናል። በማግስቱ ወይም በሳልስቱ «ብሽሽቴን አመመኝ» ስንል ብሽሽታችንን ነካ አድርገው «ንፍፊት ነው» ይሉና ወዲያው እግራችንን ያገላብጣሉ። ቁስሉ ከታች እንዳለ ያውቃሉ።

ይህ ትምህርት ጊዜ ይወስዳል። አዲስ ተህዋስ ሲገባ በቂ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ለማምረት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ታመን የምንተኛው በዚህ መሀል ነው። ከዳንን በኋላ ከተባዙት ሴሎች አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ይቀራሉ። ያዩት እነሱ ናቸው። በሁለተኛው ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ ይነሣሉ፤ ብዙ ጊዜ መታመማችንን ሳናውቅ ያልቃል። ፋሮ በሚባሉ የሰሜን አትላንቲክ ደሴቶች በ1781 ኩፍኝ ገብቶ ጠፋ። በ1846 ተመልሶ ሲመጣ አብዛኛውን ሕዝብ አጣደፈ። ሐኪሙ ፒተር ፓኑም ቤት ለቤት ዞሮ ሲጠይቅ፣ በመጀመሪያው ወረርሽኝ ታመው የነበሩ አሮጊትና ሽማግሌዎች አንዳቸውም አልተያዙም። 65 ዓመት ሙሉ ሰውነታቸው አልረሳም።

ክትባት ደግሞ ተረቱን ገልብጦ የሚሠራ ነው፤ ይህን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል። ልጡን አስቀድመን እናሳየዋለን፤ እባቡ ሲመጣ ይበረያል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር በ1796 አንድ ልጅ ላይ የከተበው የፈንጣጣ ተህዋስን ሳይሆን የእሱን ዘመድ፣ የላም ፈንጣጣን ነበር። መልኩ ይመሳሰላል፤ መርዙ የለም። የልጁ ሰውነት ልጡን አይቶ እባቡን ለየ። በአገራችን የመጨረሻዋ የፈንጣጣ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም በደቡብ ምሥራቅ በኩል ተገኘች። በዓለም ላይ መጥፋቱ ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. ታወጀ። ክንዳቸው ላይ የክትባቱን ጠባሳ የያዙ ሽማግሌዎች ዛሬም በየደብሩ አሉ።

ሁሉም ተህዋስ ግን ለትዝታ አይመችም። የወባ ተውሳክ የያዘው ቀይ የደም ሴል ላይ የሚያወጣውን ፕሮቲን ይቀያይራል፤ የምትለዋውጥባቸው 60 ያህል ጂኖች አሏት። ሰውነት አንዱን ሲማር በሌላው ትመጣለች። ለዚህ ነው የቆላ ሰው በብዙ ዓመት የሚለምዳት፤ ያውም በከፊል። ደብረ ብርሃን ዓመታት ቆይቶ የተመለሰ የሮቢት ልጅም ያ መከላከያ ስለሚደክምበት ክፉኛ ሊታመም ይችላል። ኩፍኝ የባሰ ነው። የሚያጠቃው ትዝታውን የያዙትን ሴሎች ራሳቸውን ነው። ከኩፍኝ የተነሣ ሕፃን ቀድሞ ያወቃቸውን በሽታዎች በከፊል ይረሳል፤ ለሳንባ ምችና ለተቅማጥ የሚጋለጠውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። እዚያች እናት ላይ የሳቀው ሰው ይህን ቢያውቅ ኖሮ፣ እሷ ያየችው እባብ ምን ያህል እንደሆነ በገባው ነበር። በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት መዝለል የሌለበትም ስለዚህ ነው።

በእርግጥ በልጥ መበርየት የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ተረቱም ይህን አይክድም። አለርጂ በቀጥታ እሱ ነው። ለጥገኛ ትል የተዘጋጀው የመከላከያ ክፍል በአበባ ብናኝ ወይም በአቧራ ይነሣል። ያስነጥሳል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዱንም ትንፋሽ ያሳጥራል። ብናኙ አይገድልም፤ ድንጋጤው ግን ሊገድል ይችላል።

ከሁሉ የሚያመኝ የልብ ነገር ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የልጆችን ጉሮሮ ያሳምማል። ሽፋኑ ላይ ያለው ፕሮቲን ከልባችን ክፍሎች ጋር ይመሳሰላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመግደል የተማረውን ይዞ ወደ ልብ ቫልቮች ይዞራል። ጉሮሮው ከዳነ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ትኩሳት ይመጣል፤ እየተደጋገመ ሲሄድ ቫልቩ ይጎዳል። በብዛት የሚያገኘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው። በአገራችን ስንት ወጣት በዚህ ልቡ ደክሞ ደረጃ መውጣት አቅቶታል! የጉሮሮው ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተጀመረ ይህን ማስቀረት ይቻላል። አንዴ ለተያዘው ደግሞ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ የሚወጋው መርፌ ድጋሚውን ይከላከላል። እንጥል ማስቆረጥ ግን ለዚህ ምንም አይፈይድም።

አሁን ወደ አጠቃቀማችን። ዛሬ ዛሬ ይህን አባባል የምሰማው ሁልጊዜ በሌላ ሰው ላይ ሲወረወር ነው። የስፖርት ጋዜጠኛው ኳስ ላመለጠው ግብ ጠባቂ ይለዋል፤ ልጁ ከዚያ በፊት ምንም አላየም፣ ዝም ብሎ ደንግጧል እንጂ። ፌስቡክ ላይ ገንዘቡን አንዴ የተጭበረበረ ሰው ሲጠነቀቅ ይሳቅበታል። ትልልቆቹ ግን ብዙውን ጊዜ ስለ ራሳቸው ነበር የሚሉት፦ «እኔስ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብኝ ነው፣ ታገሡኝ»። ስለ ሌላ ሰው ካሉትም ለማስታገሥ፣ «ተዉት፣ አግኝቶት ነው» ለማለት ነበር።

አሁን አሁን ደግሞ ልጇ ከተከተበ በኋላ አተኩሶባት የምትጨነቅን እናት በዚህ ተረት ዝም ማሰኘት መጥቷል። ነውር ነው። ለሷ የሚገባት ማስረጃ ነው፦ ትኩሳቱ ሰውነቱ እየተማረ መሆኑን እንደሚያሳይ፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ሁለት ቀን እንደሚበርድ። ካልበረደ፣ ወይም ልጁ ጡት እምቢ ካለ፣ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ በሌሊትም ቢሆን ይዛው ትሂድ፤ አጠገቧ ያለ ጎረቤትም አብሯት ይሂድ።