ሬዲዮ በጎጃም፦ ከአጭር ሞገድ እስከ ኤፍ ኤም

ጎጃም ለሬዲዮ አስቸጋሪ አገር ነው። ዓባይ በጥልቅ ሸለቆ ይከበዋል። መሐሉ ላይ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄ ተገትሯል። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ከገጠመው እዚያው ይቀራል። አጭር ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከከባቢ አየር የላይኛው ክፍል ነጥሮ፣ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል። ተራራም ገደልም አያግደውም። ስለዚህ የጎጃም ሰው ለብዙ ዘመን ሬዲዮ የሰማው ከሩቅ ነው። ከጎጃም ምድር ለጎጃም የሚናገር ጣቢያ የመጣው ዘግይቶ ነው።

የኢትዮጵያ ሬዲዮ የተጀመረው በ1928 ዓ.ም. መግቢያ፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሚገኘው በአቃቂ ጣቢያ ነው። ዕድሜው አጭር ነበር። ጣሊያን ወራት ሳይቆይ አገሩን ወረረ፤ ሥራውም ተቋረጠ። እንደገና የቆመው በ1933 ከነጻነት በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን ሬዲዮ ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። የአዲስ አበባ ሕዝብ ራሱ የሚሰማው አደባባይ ላይ ከተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ሥር ቆሞ ነው።

በዚያው ዓመት ጎጃም ሌላ ነገር አየ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ በኩል ገብተው በጎጃም አድርገው ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ፣ ከእንግሊዞች ጋር የመጣ የፕሮፓጋንዳ ክፍል አብሮ ነበር። መሪው ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር ነው። በራሪ ወረቀት ይበትናሉ፤ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ያድላሉ፤ ምሽግ አቅራቢያም በድምፅ ማጉያ እየተናገሩ ለጣሊያን የተሰለፈውን የአገሬውን ወታደር ወደ ወገኑ እንዲመለስ ይጠሩታል። ይህ በርግጥ ሬዲዮ አይደለም። ግን ፉከራና ሽለላ ያሳደገው የጎጃም አርበኛ ድምፅ በማሽን ሲጎላ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያየው በዚህ ጦርነት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

የሬዲዮ ጉልበት በግልጽ የታየው ግን በታኅሣሥ 1953 ነው። የእነ መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር፣ የአልጋ ወራሹ መግለጫ ለሕዝብ የተነገረው በሬዲዮ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር መንግሥት ተለወጠ ማለት መጀመሪያ ሬዲዮው ተያዘ ማለት ሆነ። የካቲት 1955 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ጣቢያ፣ ብሥራተ ወንጌል፣ ከአዲስ አበባ በአጭር ሞገድ ሥራ ጀመረ። ደርግ በ1969 እስኪወርሰው ድረስ ዜናውም ትምህርቱም ብዙ ሰሚ ነበረው።

ትራንዚስተር ሬዲዮ ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። መብራት አያስፈልገውም፤ ባትሪ ድንጋይ ካለ ደጋም ቆላም ይሠራል። በቡሬ፣ በደንበጫ፣ በብቸናና በሞጣ ገበያ እህሉን የሸጠ ገበሬ ከጨውና ከጋዝ ጋር ድንጋይ ይገዛ ጀመር። ሬዲዮኗ በጨርቅ ተሰፍቶላት ትከሻ ላይ ትንጠለጠላለች። ቤት ውስጥ ከሆነች ዳንቴል ትለብሳለች። ድንጋዩ ሲደክም ወዲያው አይጣልም። ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ አንዳንዱም በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርገዋል። ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ ለአንድ ዜና ይበቃል። ቆጣቢ ሰው እንዲያውም ሬዲዮውን የሚከፍተው ለዜና ብቻ ነው። ዘፈን ድንጋይ ይበላል ይላል።

ከፕሮግራሞቹ ሁሉ ለጎጃም የተለየ ቦታ ያለው ግን «ከመጻሕፍት ዓለም» ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ታሪኩ የተፈጸመበት አገር ራሱን ሰማ። ልብ ወለዱ የሚጀምረው በማንኩሳ ነው። ሰዎቹ ጎጃሜዎች ናቸው፤ ደራሲውም የጎጃም ልጅ ናቸው። መጽሐፉ በ1958 ሲታተም ማንበብ የሚችለው የገጠር ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ሬዲዮው ግን ፊደል ቆጥረሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ወጋየሁ ለጉዱ ካሣ አንድ ድምፅ፣ ለፊታውራሪ መሸሻ ሌላ ድምፅ እየሰጠ ሲያነብ፣ አንድ ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤቱን ሁሉ ይሰበስባል። ዛሬ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ሲከራከር ብትሰሙ አትገረሙ። በጆሮው ነው ያነበበው። በእኔ ግምት የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለጎጃም ከሠራው ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራ ትምህርት በሬዲዮ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በየክፍለ ሀገሩ ለትምህርት ብቻ የሚውሉ አነስተኛ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎችን ሲተክል፣ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ከተመረጡት መካከል ነበሩ። መካከለኛ ሞገድ ቀን ቀን ምድሩን ተከትሎ ስለሚሄድ በዙሪያው ላሉ ትምህርት ቤቶች ይመቻል። አሠራሩን በዚያ ያለፈ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሬዲዮው የሚቀመጠው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ተማሪ ይላካል። መምህሩ መምሪያውን አይቶ አዲሶቹን ቃላት አስቀድሞ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ጸጥታ። የሬዲዮው መምህር በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይልና ዝም ይላል። በዚያች ክፍተት ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይደግማል። ሲያልቅ የክፍሉ መምህር ይጠይቃል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አይቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ የቋንቋውን ድምፅ መጀመሪያ የሰማው በዚህ መንገድ ነው። ድንጋይ መግዣ ያጣ ትምህርት ቤት ግን ፕሮግራሙ ያልፈዋል፤ ተመልሶ አይመጣም።

በፖለቲካውም ዋናው መልእክተኛ ሬዲዮ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መውረድ መስከረም 2 ቀን 1967 የተነገረው በእሱ ነው። በደርግ ጊዜ የቤቱ ጣቢያ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ፣ ሰው ማታ ማታ ውጭ ውጭውን ያማትር ጀመር። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ፕሮግራም ከ1957 ጀምሮ ነበር። የአሜሪካ ድምፅም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ተጨመረ። ድምፁ ዝቅ፣ በሩ ቀርቀር። አጭር ሞገድ ከፍ ዝቅ እያለ፣ እየተንሿሿ ስለሚመጣ ቁልፏን በጥንቃቄ የሚያዞር ሰው በሰፈሩ ይከበራል። ወሬውን ጠዋት ጠላ ቤት የሚያመጣው እሱ ነው፤ የት እንደሰማው ግን አይናገርም።

ከየካቲት 1983 ጀምሮ የጎጃም አብዛኛው ክፍል በኢሕአዴግ ጦር እጅ መግባት ጀመረ። ስለዚህ ግንቦት 13 ቀን የመንግሥቱ ኃይለማርያም ከአገር መውጣት በሬዲዮ ሲነገር፣ ብዙው ጎጃም ወሬውን የሰማው ከጦር ግንባሩ ጀርባ ሆኖ ነው።

የክልል ሚዲያ ከዚያ በኋላ መጣ። ባሕር ዳር ላይ «በኩር» ጋዜጣ በ1987 ተጀመረ፤ የአማራ ሬዲዮም በ1980ዎቹ መጨረሻ ተከተለ። አንድ የሚያስገርም ነገር ነበረው። ፕሮግራሙ የሚዘጋጀው ባሕር ዳር ነው፤ በ6090 ኪሎ ኸርዝ የሚሰማው አጭር ሞገድ ግን የሚሰራጨው አዲስ አበባ አጠገብ ካለው ከገጃ ማሰራጫ ነው። የጎጃም ወሬ ዓባይን ተሻግሮ ሄዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ይመለስ ነበር። ይህን ዙር ያሳጠረው ኤፍ ኤም ነው። ባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9 ተከፈተ፤ ደብረ ማርቆስም የራሷን አገኘች። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። የገበያ ዋጋ፣ የእግር ኳስ ወሬ፣ የስልክ ሰላምታ ገባበት። ሰው የገዛ ቀበሌውን ስም በሬዲዮ ይሰማ ጀመር። የክልሉ ሚዲያ ድርጅት ዛሬ አሚኮ፣ ማለትም አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ይባላል።

ኤፍ ኤም የከተማና የሜዳ ሬዲዮ መሆኑ ግን አልቀረም። ከጮቄ ጀርባ ወይም ከዓባይ በረሃ አፋፍ በታች ያለ ሰው ሲንሿሿበት አጭር ሞገድ ያላትን አሮጌ ሬዲዮ አውጥቶ ይከፍታል። በ2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ያቺው ሬዲዮ ከተማም ውስጥ ተፈላጊ ሆነች። በመጋቢት 2017 ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ ስርጭት ተቋረጠ። የለመዱት ጣቢያ ዝም ሲልባቸው ብዙዎች ቁልፏን ወደ ጀርመን ድምፅ አዞሩ።