ሚኒሞ ምንድን ነው? አዲስ ካርቡሬተር የገባለትን ቮልስ ማስተካከል

ሚኒሞ ማለት ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ተነስቶ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞርበት ዝቅተኛው ፍጥነት ነው። ሶሌክስ 34 ፒክት 3 የሚባለው ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ) የተገጠመለት ባለ 1600 ሞተር ቮልስ ሚኒሞው በደቂቃ 850 ዙር ነው፤ 50 ቢጨምር ወይም ቢቀንስ አያሳስብም።

ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም ለገጣፎ ላይ አዲስ ካርቡሬተር የገባለት ቮልስ ሚኒሞ አልይዝ ሲል ሁሉም ዕቃውን ይረግማል። ዕቃው ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ከካርቶን የወጣ ካርቡሬተር የተለካው ለቆላ አየር ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ሳስቷል፣ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ግን እንደነበረ ነው። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛል፤ ማርሚታው ጥቁር ያጨሳል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ይታፈናል።

ይህን የሚያስተካክለው የሚኒሞ ብሎን ሳይሆን ዋናው ጄት ነው። ጄት መሃሏ የተበሳ ትንሽ የናስ ብሎን ስትሆን፣ የተጻፈባት ቁጥር የቀዳዳዋን ዲያሜትር በሚሊ ሜትር መቶኛ ይነግራል። ከ34 ፒክት 3 ጋር አብዛኛውን ጊዜ የምትመጣው 127.5 ናት፤ 1.275 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለእኛ ከፍታ ቤንዚኑ ከ11 እስከ 12 በመቶ መቀነስ አለበት። 120 ያንን ትሠራለች፤ ዲያሜትሯ 6 በመቶ ብቻ ቢጠብም የሚያልፈው ቤንዚን የሚቀንሰው በእጥፉ ገደማ ነው። ጄቷ ያለችው ከቤንዚን ጽዋው ጎን ካለው መዝጊያ ብሎን ኋላ ነው። መዝጊያው ሲፈታ ቤንዚን ስለሚፈስ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ሲጋራም አይቅረብ። ከ120 በታች መውረድ ካስፈለገ በ2.5 በ2.5 ነው። ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነውና ቤንዚን ካነሰው ይግላል፣ ቫልቭም ያቃጥላል። ሶማሌ ተራ ሲገዛ ሻጩ የሚለውን ሳይሆን ጄቷ ላይ የተቀረጸውን ማንበብ ያዋጣል።

ካርቡሬተሩ ከመነካቱ በፊት ሌላው ሁሉ ልክ መሆን አለበት። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የቫልቭ ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር፣ የዲስትሪቢተሩ (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው) ኮንታክት 0.4፣ ካንዴላ 0.7፤ ከዚያ ታይሚንግ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ። ካርቡሬተሩ በአዲስ ጓርኒሲዮን (አየር እንዳይገባ መሃል የሚደረግ ማሸጊያ) ላይ ይቀመጥና ሁለቱ ዳዶዎች በ13 ቁልፍ ተራ በተራ፣ ትንሽ በትንሽ ይጠበቃሉ። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው የሄደ ሰው የካርቡሬተሩን እግር ያጣምመዋል፤ በተጣመመው በኩልም አየር ይገባል። አየር መግባቱን ለማወቅ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ በካርቡሬተሩ እግርና በማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቱቦ) ጎማዎች ዙሪያ የሳሙና ውኃ ጠብ ማድረግ ነው። ድምፁ ከተለወጠ ቦታው ተገኘ።

አሁን ወደ ብሎኖቹ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ቾኩ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን አየር የሚቀንሰው ክዳን) ሙሉ በሙሉ ይከፈት። በግራ በኩል ሁለት ብሎኖች አሉ፤ ትልቁ ፍጥነቱን፣ ትንሹ የቤንዚንና የአየሩን ድብልቅ ይቆጣጠራሉ። ሦስተኛው በነዳጅ መስጫው ክንድ ላይ ያለው ነው፤ ችግር የሚፈጠረውም እዚሁ ላይ ነው። እሱ እስኪላቀቅ ይፈታና ወደ ውስጥ ሲጠመዘዝ ልክ መንካት ከጀመረበት ሩብ ዙር ብቻ ይጨመርለታል። ከዚያ በኋላ አይነካም።

ሞተር በጠፋ ቁጥር በዚህ ብሎን ፍጥነት የመጨመር ልማድ አለ። መኪናው ለጊዜው አይጠፋም፤ ነገር ግን ውስጥ ያለችው ቢራቢሮ (የነዳጅ መስጫው ሲረገጥ የምትከፈተው ክብ ሳህን) ከልክ በላይ ትከፈታለች። ቤንዚን በሚኒሞ መንገድ መምጣቱን ትቶ ከላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይመጣል፤ ትንሹ ብሎን ቢዞር ባይዞር ለውጥ የለውም። ወደ ዲስትሪቢተሩ የሚሄደው ቫኪዩምም ያለጊዜው መሳብ ስለሚጀምር በዚያ ሁኔታ የተለካው ታይሚንግ ሐሰት ነው። ትንሹን ብሎን አዙሮ ምንም ካልተሰማ ተጠያቂው ይኸው ክንድ ላይ ያለው ነው።

ትንሹ ብሎን በካቻቪቴ በቀስታ እስኪነካ ይገባና ሁለት ዙር ተኩል ይወጣል። አስጨንቆ ማጥበቅ ጫፉን ያበላሻል። በትልቁ 850 ይያዛል፤ ቮልስ ዙር የሚያሳይ ሰዓት ስለሌላት የሞተር ዙር የሚለካ መልቲሜትር ይጠቅማል። ቀጥሎ ትንሹ ቀስ እያለ ሞተሩ በጣም እስከሚፈጥንበት ድረስ ይወጣል፣ ከዚያ 20 ወይም 30 ዙር እስኪቀንስ ይመለሳል። በመጨረሻ ትልቁን ነክቶ ወደ 850 መመለስ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም እግር ሲነሳ ሞተሩ ድርግም ካለ፣ ካርቡሬተሩ ላይ ባለ ሽቦ የሚሠራው የሚኒሞ ቤንዚን መዝጊያ ይታይ። ቁልፉ ተከፍቶ ሽቦው ሲነካካ ጠቅ የሚል ድምፅ ካልሰጠ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም ወይም ሞቷል። ጠቅ ካለ ደግሞ የሚኒሞ ጄቷ ተደፍናለች ማለት ነው፤ በአየር ትነፋለች እንጂ በሽቦ አትወጋም። በአቧራማ መንገድ ለሚሄድ መኪና የቤንዚን ፊልትሮ ዋጋ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይረክሳል።

የድሮዎቹ 28 ፒክት፣ 30 ፒክት 1 እና 30 ፒክት 2 ካርቡሬተሮች ትልቁ ብሎን የላቸውም፤ እነሱ ላይ ፍጥነት የሚያዘው በክንዱ ብሎን ነው።

ሥራው የሚፈተነው ዳገት ላይ ነው። በ3ኛ ማርሽ ከወጡ በኋላ ሞተሩን እዚያው አጥፍቶ ካንዴላ መፍታት፤ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ጄቷ ትቀንስ፣ ነጭ ከሆነ ትጨመር። መኪናው ወደ አዳማ የሚመላለስ ከሆነ ግን አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ይወፍራል፣ ለሱሉልታ የተመረጠችው ጄት ታንሳለች፤ ለዚያ መንገድ 122.5 ይሻላል።