ስለ ኢትዮጵያ የመሬት ሥሪት በቤተ መጻሕፍት የመፈለግ ስልት

የፍለጋ ስልት አንድ ተመራማሪ የጥናት ጥያቄውን በካታሎግና በመረጃ ቋት ውስጥ ወዳሉ ቃላት የሚመልስበት የታሰበበት አካሄድ ነው። መሠረታዊ ደንቦቹ በየትኛውም ዘርፍ ያገለግላሉ፤ በኢትዮጵያ ጥናት ግን ፊደሉ፣ የዘመን አቆጣጠሩና የስም አጻጻፉ የራሳቸውን ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ለዚህ የመሬት ሥሪት፣ ማለትም መሬት የሚያዝበት ሥርዓት፣ ጥሩ ማሳያ ነው።

ጥያቄው «የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የአርሲን ጭሰኛ ኑሮ እንዴት ለወጠ?» የሚል ነው እንበል። ይህን ዓረፍተ ነገር እንዳለ መጻፍ ብዙም አይጠቅምም። በውስጡ ያሉትን ሐሳቦች፣ ማለትም መሬትን፣ ጭሰኛንና አርሲን፣ ለየብቻ አውጥቶ ለእያንዳንዳቸው አቻ ቃላት መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ አቻዎቹ «ወይም» በሚለው፣ ሐሳቦቹ ደግሞ «እና» በሚለው የፍለጋ ማገናኛ ይያያዛሉ። ርስት (በዘር የሚወረስ መሬት)፣ ጉልት (ለሹም ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ከመሬት ግብር የመሰብሰብ መብት)፣ ገባር (ግብር ከፋይ ገበሬ) የሚሉት ቃላት በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥም ሳይተረጎሙ ስለሚገኙ በላቲን ፊደል ጭምር መፈለግ አለባቸው። አርሲ በቆዩ ሰነዶች አሩሲ ተብላ ትጻፋለች። በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስዊድን ርዳታ የተጀመረውና ካዱ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክትም በስሙ ሊፈለግ ይገባዋል፤ የአካባቢው ጭሰኞች ከመሬታቸው ስለ መፈናቀላቸው ብዙ የተጻፈው ከእርሱ ጋር ተያይዞ ነውና።

ከሁሉ በላይ ተመራማሪን የሚያደክመው የአማርኛው ፍለጋ ነው። «ሥሪት» እና «ስሪት»፣ «ዐዋጅ» እና «አዋጅ» ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ የፍለጋ ሥርዓቱ ሞክሼ ፊደላትን (ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ ፊደላትን) ካላዋሐደ ሁሉንም አጻጻፍ መሞከር ግድ ይላል። የቃልን መጨረሻ ክፍት የሚተወው የኮከብ ምልክትም (*) በአማርኛ እንደ እንግሊዝኛው አይሠራም። «መሬት» ብሎ ኮከብ ያደረገ ሰው «መሬትን» ያገኛል እንጂ «መሬቱ»ን ወይም «መሬቶች»ን አያገኝም፤ የመጨረሻው ፊደል ራሱ ተለውጧልና። ስለዚህ ኮከቡ ከ«መሬ» በኋላ መግባት አለበት፤ «የመሬት» እና «በመሬት» ደግሞ ለብቻቸው ይጻፋሉ።

በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጽሐፍ ርእስ ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል ብቻ ይመዘገባል። እዚያ በርእሰ ጉዳይ መፈለግ ይሻላል፤ የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የመሬት ይዞታንና የመሬት ለውጥን ለየብቻ ይመድባቸዋል፣ ሁለቱም ከአገሩ ስም ጋር ይጣመራሉ። አንድ ጠቃሚ መጽሐፍ ሲገኝ የተሰጠውን ርእሰ ጉዳይ ተከትሎ ጎረቤቶቹን መፈተሽ፣ እኔ እንደማምነው፣ ቃላት ከመገመት ይልቅ ያተርፋል። የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስምም በካታሎግ በራሱ ስም ሲመዘገብ የጥቅስ መረጃ ቋቶች (ማን የማንን ጽሑፍ እንደጠቀሰ የሚመዘግቡት) የአባቱን ስም ያስቀድማሉ፤ የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ቅደም ተከተል መሞከር ይኖርበታል።

ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ያሳስታል። 1967 ዓ.ም. ከመስከረም 1974 እስከ መስከረም 1975 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይዘልቃል፤ ፍለጋን በአንድ ዓመት ብቻ የሚገድብ ሰው ከፊሉን ያጣል።

በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ዓይነት ጥናት ዋና መነሻ ነው። በኢንተርኔት ያልተለቀቁ የመመረቂያ ጽሑፎችንና የቆዩ ሪፖርቶችን ለማግኘት ስብስቡን የሚያውቁትን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በአካል መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲጠይቁም እስካሁን የተሞከሩት ቃላት፣ የተፈተሹት ካታሎጎችና የተገኘው ውጤት በማስታወሻ ተጽፈው ቢቀርቡ ባለሙያው የቀረው ክፍተት የት እንዳለ ወዲያው ይለያል።